ስለ ፍቼ ከተማና በጦርነት ዘመን በውስጧ ስለ ተደረገው ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በስተ ሰሜን በጎጃም መንገድ የሚጓዝ ሰው ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብሎ በሰላሌ ደጋ ፍቼን ያገኛል። ፍቼ የገበያ ከተማ ናት፤ ገበሬው ጤፉንና ገብሱን፥ ባልቴቲቱም ቅቤዋን ይዛ ትወጣባታለች። ገበያተኛው ተበትኖ ሲመሽ ጸጥታዋን የሚመለከት እንግዳ፥ የመንግሥትና የጦርነት ነገር በዚህች ከተማ አልፎ ያውቃል ብሎ አይጠረጥርም። ዳሩ ግን አልፏል፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሰላሌ የልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ግዛት ነበረ። በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረዱት ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. በተያዙ ጊዜ ለራስ ካሣ በአደራ ተሰጥተው በፍቼ በግዞት ተቀመጡ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ጎጃም ተሻገሩ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆዩ ተይዘው ወደ ሐረርጌ፥ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። በማምለጣቸው እጃቸው አለበት ተብለው ግዛታቸውን ያጡትና የታሰሩት የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። የኒህም ሰው ስም ከፍቼ ጋር ሁለተኛ ጊዜ ይገናኛል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ልጆቻቸው ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ግን በሰላሌ ቀሩ። ደጃዝማች አበራ በደብረ ሊባኖስ ከአቡነ ጴጥሮስና ከሌሎች አርበኞች ጋር መክረው በሐምሌ ወር ዋና ከተማውን ለማስለቀቅ ዘመቱ፤ ጦሮቹ ተባብረው በአንድ ጊዜ ሊመቱ ስላልቻሉም ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስም በጠላት እጅ ወድቀው ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ዐረፉ።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግራዚያኒ ፊቱን ወደ ሰላሌ መለሰ። ሦስተኛው ወንድማቸው ደጃዝማች ወንድ ወሰን በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በላስታ በኩል ተይዘው ተገደሉ። ለሁለቱ ግን፥ እጃችሁን ብትሰጡ ሕይወታችሁ ይጠበቃል የሚል ቃል ተላከላቸው። ቃሉን ይዘው በአስታራቂነት የመጡት ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ ከ4 ዓመት በፊት ከፍቼ እስረኛ አስወጥተዋል የተባሉት ሰው አሁን የፍቼን ጌቶች ወደ ፍቼ አስገቡ። ደጃዝማች አበራ ቃሉን አምነው ታኅሣሥ 12 ቀን ከወንድማቸው ጋር ወደ ከተማዋ ገቡ። የኢጣልያው ጄኔራል ትራኪያም በዚያው ቀን ሁለቱን አስገደላቸው።

ይህን ያደረገ ሹም አገሩን ያሳረፈ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ በዱር የነበረው አርበኛ የምሕረት ወረቀት ሲላክለት ፍቼን እያሰበ አልቀበልም ቢል ማን ይፈርድበታል? የደጃዝማች አበራ ባለቤት የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች፥ መበለት ሆነው ሐዘን ሊቀመጡ ሲገባቸው ጦር እየመሩ በዱር ተዋጉ። በየካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላም ጄኔራል ማሌቲ የፍቼ ጎረቤት በሆነው በደብረ ሊባኖስ ላይ ተላከ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ በላጋ ወልዴ በጥይት አለቁ። ጠላት በቴሌግራሙ የቆጠረው 297 ሲሆን፥ በኋላ ዘመን የተደረገው ምርመራ ግን በጠቅላላው የተገደሉት መነኮሳት፥ ዲያቆናትና ምእመናን ከ1,000 እጅግ እንደሚበልጡ አሳይቷል።

ራስ ካሣ ሦስት ልጆቻቸውን ያጡት በስደት ሳሉ ነው። በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተመልሰው እንደ ገና ጦር መሩ፤ ከደብረ ማርቆስ ሸሽቶ የወጣውንም የኮሎኔል ማራቬንታኖን ጦር ከእንግሊዙ ኮሎኔል ዊንጌት ጋር ሆነው ከፍቼ በስተ ሰሜን በአጊባር ከበቡት። ግንቦት 15 ቀን ኮሎኔሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊቱን ይዞ እጁን ሰጠ፤ እርሱም ሠራዊቱም ሕይወታቸው ተጠብቆላቸው በምርኮኝነት ሄዱ።