ውሾቹ ተመልሰው መጡ

ሙክት ማለት እንዲሰባ ተብሎ የተኮላሸ በግ ነው። ኮርማም ለእርሻ እንዲገራ ይኮላሻል። እንግዲህ ማኮላሸት የአያት የቅድመ አያት ሙያ ነው ማለት ነው። ጌታ የሌላቸው ውሾችና ድመቶች እንዳይበዙ ብሎ ማምከን ግን የትናንት ሐሳብ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ከተሞች የሚያውቁት መላ አንድ ነበር፤ ማስወገድ። ይህ መላ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ኢስታንቡልን ይጠይቅ።

ኢስታንቡል ከመንገድ ውሾቿ ጋር ለዘመናት ኖራለች። ሰፈርተኛው ይመግባቸዋል፣ እነሱም ሰፈሩን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 አብዮት ያካሄዱት ወጣት ቱርኮች ግን ከተማዋን እንደ አውሮፓ ማዘመን ፈለጉ፤ ውሾቹም የኋላ ቀርነት ምልክት ሆነው ታዩአቸው። በ1910 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተለቅመው በማርማራ ባሕር ወዳለችው ሲቭሪአዳ ደሴት ተጋዙ። ደሴቷ ድንጋይ ናት፤ ውሃ የላት፣ ምግብ የላት። በረሃብና በጥም አለቁ፤ እርስ በርስም ተበላሉ። ነፋስ ሲነፍስ ጩኸታቸው ከተማ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል። በ1912 የባልካን ጦርነት ሲመጣ፣ የውሾቹ ግፍ ነው ያሉም ነበሩ።

ውጤቱስ? ውሾቹ ተመልሰው መጡ! ምሥጢር የለውም። ውሻ የምታረግዘው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለቴም ልትወልድ ትችላለች። የሚበላ ቆሻሻ እስካለ ድረስ የተረፉት ይባዛሉ፤ ከሌላ ሰፈርም ይመጣሉ።

በ2004 ቱርክ ሌላ መንገድ ሞከረች። ሕግ ቁጥር 5199 ማዘጋጃ ቤቶች ውሾቹን ይዘው፣ አምክነውና ከትበው፣ ወደ ሰፈራቸው እንዲመልሱ አዘዘ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። ሥራው ግን ከወረቀቱ ኋላ ቀረ። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች በቂ ገንዘብም ሐኪምም አልመደቡም፤ ባለቤቶችም ያልፈለጉትን ቡችላ ጎዳና ላይ መጣሉን አልተዉም። ከ10 ውሾች 2ቱን አምክኖ 8ቱን መተው ደግሞ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው። ከ20 ዓመት በኋላ መንግሥት የጎዳና ውሾቹ 4 ሚሊዮን ገደማ ደርሰዋል አለ። የተነከሱና የሞቱ ልጆች ስለነበሩ የወላጆች ቁጣ እውነተኛ ነበር። በ2024 ፓርላማው ሕጉን ቀየረ፤ ውሾቹ ተሰብስበው መጠለያ እንዲገቡ፣ አደገኛ ወይም የማይድኑ የተባሉት እንዲገደሉ ፈቀደ። ተቃዋሚዎች የ1910ሯን ደሴት እያነሱ አደባባይ ወጡ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ማምከን አልሠራም ሳይሆን፣ ማምከን አልተሠራም።

ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባም የጎዳና ውሾችን በመርዝ የፈጀችበት ጊዜ አለ፤ ውሾቹ ግን ዛሬም አሉ። ወዳጄ፣ ግቢህ ውስጥ ያለችው ውሻ ባለፈው የወለደቻቸው ቡችሎች የት ገቡ? በጆንያ ተከተው ወንዝ ዳር ከተጣሉ፣ ሲቭሪአዳ ከሰፈርህ አልራቀችም።