የእሳተ ገሞራ ትንበያ በፈንታሌና ዶፈን

የእሳተ ገሞራ ትንበያ ማለት አንድ እሳተ ገሞራ የት፣ መቼና በምን ያህል ኃይል ሊፈነዳ እንደሚችል በመሣሪያ ልኬትና በቀድሞ ታሪኩ ላይ ተመሥርቶ አስቀድሞ መገመት ነው። በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ለወራት የዘለቀ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ነው። ሁለቱ ተራሮች በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች አዋሳኝ፣ በመተሐራና በአዋሽ ከተሞች አቅራቢያ ይገኛሉ። በስተምሥራቅ ያሉት የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ሚኤሶ፣ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና ሂርናም ከዚሁ አካባቢ ጋር በመንገድ፣ በንግድና በግጦሽ የተሳሰሩ ናቸው።

አቀማመጥ

ፈንታሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ አናቱ ላይ በጥንታዊ ፍንዳታ የተደረመሰ ሰፊ ገንዳ መሰል ጉድጓድ (ካልዴራ) አለው። ዶፈን ከእርሱ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለ፣ 1,151 ሜትር ከፍታ ያለውና እንፋሎት የሚተነፍስ ተራራ ነው። ሁለቱም የሚገኙት የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ወደ አፋር ዝቅተኛ ምድር በሚሰፋበት ቦታ ነው። በዚህ ሥፍራ የአፍሪካ ምድር ለሁለት እየተለያየ ነው። በስተምዕራብ ያለው የኑቢያ ሰሌዳና በስተምሥራቅ ያለው የሶማሊያ ሰሌዳ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ።

የምዕራብ ሐረርጌ ደጋ፣ ማለትም የጨርጨር ተራሮች፣ የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ትከሻ ነው። በቀጥታ መስመር ሲለካ ከዶፈን እስከ ሚኤሶ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ጭሮ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የቱሎ ወረዳ ዋና ከተማ እስከሆነችው ሂርና ደግሞ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሂርና ከፈንታሌ ያላት ርቀት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም አዲስ አበባ ከፈንታሌ ካላት ርቀት ጋር ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ፈንታሌን በተመለከተ ሁለቱ ከተሞች በርቀት እኩል፣ በአቅጣጫ ግን ተቃራኒ ናቸው።

የቀድሞ ፍንዳታዎች

ፈንታሌ ከ170,000 ዓመታት ገደማ በፊት ባደረገው ታላቅ ፍንዳታ የጋለ አመድና ጋዝ ዙሪያውን አልብሷል። በታሪክ ዘመን ከተመዘገቡት ፍንዳታዎች አንዱ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የደረሰው ነው። በዚህ ጊዜ የፈሰሰው ላቫ ከተራራው በስተደቡብ የነበረን ከተማና ቤተ ክርስቲያን እንዳጠፋ ይነገራል። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የደረሰ ሲሆን፣ በደቡባዊው ጎን 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ጥቁር ላቫ ወጥቷል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው መተሐራ አካባቢ የሚያየው ጥቁር ድንጋያማ ሜዳ የእንዲህ ዓይነት ፍሰቶች ቅሪት ነው።

የ2017 ዓ.ም. ክስተት

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተጀመረ። ለጥቂት ሳምንታት ረገብ ካለ በኋላ በታኅሣሥ አጋማሽ እንደገና ተባብሶ ወደ ዶፈን አቅጣጫ ተስፋፋ። በታኅሣሥ መጨረሻ በዶፈን ግርጌ መሬት ተሰንጥቆ እንፋሎት፣ ጭቃና ድንጋይ በኃይል ወጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 መጠን ያላቸው መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። ንዝረቱ በአዲስ አበባ ፎቆች ላይ ጭምር ተሰምቷል።

የራዳር ሳተላይቶች በተለያየ ቀን ያነሷቸው ምስሎች ሲነጻጸሩ፣ ምድሩ በተራሮቹ መካከል ተከፍቶ ግራና ቀኙ እንደተራራቀ ታየ። ይህም ቅልጥ አለት (ማግማ) በቀጭን ግድግዳ መልክ ወደ ጎን ሰርጎ መግባቱን ያመለክታል። ይህ ዓይነቱ የማግማ ግድግዳ በሥነ ምድር ሳይንስ ዳይክ ይባላል። ማግማው ግን ገጸ ምድር ላይ አልደረሰም። በዶፈን የወጣውም ላቫ ሳይሆን በሙቀት የተገፋ የከርሰ ምድር ውሃና እንፋሎት ነበር።

ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መንግሥት 80,000 ገደማ ነዋሪዎችን ከአደጋው ቀጠና ለማዛወር እንደሚሠራ አስታወቀ። ብዙ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ገቡ።

የትንበያ ዘዴዎች

እሳተ ገሞራ ከመፈንዳቱ በፊት ማግማ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሲወጣ ድንጋይ ይሰብራል፣ መሬት ያሳብጣል፣ ጋዝ ይለቃል። ትንበያ እነዚህን ምልክቶች አንድ ላይ ማንበብ ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ፦ ሲስሞሜትር የተባለው መሣሪያ ሰው የማይሰማውን ንዝረት ሳይቀር ይመዘግባል። መንቀጥቀጦቹ የሚነሡበት ጥልቀት እየቀነሰ ከመጣ ማግማው ወደ ላይ እየቀረበ ሊሆን ይችላል። በአንድ አቅጣጫ ከተሰደዱ ደግሞ ዳይክ ወደዚያ እየረዘመ ነው።

የመሬት ቅርጽ ለውጥ፦ የጂፒኤስ ጣቢያዎችና የራዳር ሳተላይቶች በሴንቲ ሜትር ደረጃ ያለን እብጠትና ስምጠት ይለካሉ። ሳተላይት በየጥቂት ቀኑ አንድ ጊዜ ስለሚያልፍ ሰዓት በሰዓት የሚሆነውን ለማወቅ መሬት ላይ የተተከለ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

ጋዝ፦ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጨመር ማግማ ወደ ገጸ ምድር መቃረቡን ሊያሳይ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ ከወራት በፊት በፈንታሌ ላይ ሳተላይት ያየው ጋዝ ግን ሚቴን ነበር። ሚቴን ከማግማው በቀጥታ ሳይመጣ በመንቀጥቀጡ ከተሰነጠቀ አለት ሊያመልጥ ስለሚችል ብቻውን የፍንዳታ ምልክት ተደርጎ አይወሰድም።

ሙቀትና ውሃ፦ የፍል ውሃ መጠን፣ ሙቀትና ቀለም ሲለወጥ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት እረኞች ናቸው።

በኢትዮጵያ የመንቀጥቀጥ ክትትል የሚያደርገው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ተቋም ነው። መነሻውም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ነው። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት የሥነ ምድር ካርታና ጥናት ያዘጋጃል። ሰዎችን የማዛወርና ዕርዳታ የማድረስ ኃላፊነት የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው።

ተደጋጋሚነትና ዕድል

ብዙ ጊዜ «በየስንት ዓመቱ ይፈነዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እሳተ ገሞራ የቀን መቁጠሪያ የለውም። በፈንታሌ በሚታወቁት ሁለት የታሪክ ዘመን ፍንዳታዎች መካከል ከ500 ዓመታት በላይ አልፈዋል፤ ሆኖም በሁለት ነጥብ ብቻ «በየ500 ዓመቱ» ማለት አይቻልም።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙት የዕድል ስሌት ነው። ለምሳሌ ፍንዳታዎቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚከሰቱበት ተራራ ቢኖር፣ በሚቀጥሉት 30 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመፈንዳት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ ስሌት መሠረት ተራራው 99 ዓመት ስለቆየ ብቻ በ100ኛው ዓመት የመፈንዳት ዕድሉ አይጨምርም፤ ትናንት ስለፈነዳም ነገ አይፈነዳም ማለት አይደለም።

ከዚህ የተለየ ጠባይ ያላቸው እሳተ ገሞራዎችም አሉ። በሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ላይ ያለው አክሲያል እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2011 እና በ2015 ፈንድቷል። ተራራው ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ ቀስ በቀስ ስለሚያብጥና ወደ ተመሳሳይ ከፍታ ሲደርስ ስለሚፈነዳ፣ የ2015ቱ ፍንዳታ ከወራት በፊት ተተንብዮ ነበር። በአይስላንድም ግሪንዳቪክ የተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 2023 ሌሊት ወጥተው፣ ፍንዳታው ታኅሣሥ 18 ቀን ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ከመሬት በታች የሚጠራቀመው ማግማ መጠን ለተከታዮቹ ፍንዳታዎች ማስጠንቀቂያ ሆኖ አገልግሏል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን ተራራው በመሣሪያ እየታየ ብዙ ጊዜ ሲፈነዳ ነው። ፈንታሌ መሣሪያ ከተፈለሰፈ ወዲህ አልፈነዳም።

የትንበያ ገደብ

ዳይክ ሁሉ ወደ ፍንዳታ አያመራም። በአፋር ዳባሁ መስከረም 4 ቀን 1998 ዓ.ም. መንቀጥቀጥ ጀምሮ መስከረም 16 ቀን አመድ ፈነዳ። በእነዚያ ሳምንታት 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፈተ። እስከ 2002 ዓ.ም. ድረስ በአካባቢው 14 ዳይኮች የተመዘገቡ ሲሆን፣ ማግማው ወደ ገጸ ምድር የወጣው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። በአይስላንድ ክራፍላም እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984 ከ20 ገደማ የማግማ እንቅስቃሴዎች 9ኙ ብቻ በፍንዳታ አብቅተዋል።

በተቃራኒው፣ ፀጥ ብለው የኖሩ ተራሮች ይነሣሉ። በኤርትራ የሚገኘው ናብሮ በታሪክ ፈንድቶ አያውቅም ተብሎ ሲታሰብ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ፈንድቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በድንገት ፈንድቶ አመዱን ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወረወረ። በአቅራቢያው ያሉ የአፍዴራ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ። ደመናው የመንን አቋርጦ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም በረራዎች ተሰረዙ። ስለዚህ የትንበያ ስህተት ሁለት ዓይነት ነው፦ ሳይፈነዳ ሕዝብን ማፈናቀል፣ ወይም ሳያስጠነቅቁ መፈንዳት። አንዱን ለመቀነስ ሲሞከር ሌላው ይጨምራል።

በአቅራቢያው ማኅበረሰብ ላይ ያለው ስጋት

በተራሮቹ ግርጌ የሚኖሩት ከረዩ፣ ኢቱ፣ አፋርና አርጎባ ማኅበረሰቦች ለላቫ፣ ለጋለ አመድና ለመሬት ስንጥቅ በቀጥታ ተጋላጭ ናቸው። በአካባቢው 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም ያለው የከሰም ግድብ ስላለ፣ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ጎርፍ ሊያስከትል እንደሚችል ስጋት ተነሥቶ ነበር። በመተሐራ አጠገብ እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅም መንገዱንና ከተማዋን ሲያስቸግር ኖሯል።

ለምዕራብ ሐረርጌ ስጋቱ ሌላ መልክ አለው። ላቫ ወደ ጭሮ ወይም ሂርና ሊደርስ አይችልም፤ በመካከሉ ሰፊ ቆላ አለ፣ ከተሞቹም ከፍ ባለ ደጋ ላይ ናቸው። ሊደርሱ የሚችሉት አራት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው አመድ ነው። የአመድ አቅጣጫ የሚወሰነው በነፋስ ነው። በናብሮ ፍንዳታ፣ በክረምት መግቢያ፣ አመዱ መጀመሪያ ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ሄደ። የሃይሊ ጉቢ አመድ ግን በበጋ መግቢያ ወደ ምሥራቅ ነጎደ። ስለዚህ ከፈንታሌ የሚነሣ ከፍተኛ የአመድ ደመና እንደ ወሩ ወይ ወደ አዲስ አበባ ወይ ወደ ሐረርጌ ሊያመራ ይችላል። አመድ እንደ ምድጃ አመድ የላመ ነገር ሳይሆን የተፈጨ ድንጋይና መስታወት ነው። ሲረጥብ ይከብዳል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያጎብጣል፣ ከጣሪያ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃን ያበላሻል። በግጦሽ ላይ ሲያርፍ በያዘው ፍሎራይድ ከብት ሊመርዝ ይችላል። የሐረርጌ ገበሬ ኑሮ በድለባ፣ በቡናና ቅጠሉ እንዳለ በሚቃም ጫት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቀጭን የአመድ ሽፋን እንኳ ገቢውን ሊነካ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ነው። ከሂርናና ከጭሮ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት በአዋሽና በመተሐራ በኩል፣ በፈንታሌ ግርጌ ያልፋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድም በዚያው አልፎ ሚኤሶን ይነካል። ይህ መስመር ቢቋረጥ ምርት ገበያ ሳይደርስ ይበላሻል፣ መድኃኒትና ነዳጅም ይዘገያል።

ሦስተኛው መንቀጥቀጥ ነው። በጨርጨር ገደላማ ቦታዎች በዝናብ ወራት ጠንካራ ንዝረት የመሬት መንሸራተት ሊያስነሣ ይችላል። አራተኛው ተፈናቃይ ነው፤ ቆላው ሲናወጥ ሰውና ከብት ወደ አጎራባች ወረዳዎች ስለሚሰደድ የውሃና የግጦሽ ሽሚያ ይጨምራል።

ማስጠንቀቂያና ዝግጁነት

ትክክለኛ ትንበያ ብቻውን ሕይወት አያድንም። በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1985 የኔቫዶ ዴል ሩዊዝ ፍንዳታ ከመድረሱ በፊት የአደጋ ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው በጊዜ ወደ ሕዝቡ ስላልደረሰ ግን በጭቃ ጎርፍ 23,000 ገደማ ሰዎች ሞቱ። በፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1991 ፒናቱቦ ሲፈነዳ ባለሙያዎች ደረጃ በደረጃ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ስለተጠቀሙና ሕዝቡ ቀድሞ ስለወጣ፣ ቢያንስ 5,000 ሰዎች ከሞት እንደተረፉ ይገመታል።

ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት የማስጠንቀቂያ ደረጃዎችና በየደረጃው የሚወሰዱ እርምጃዎች አስቀድመው መታወቅ እንዳለባቸው ነው። በፈንታሌ አካባቢ መልእክቱ በአፋርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ መነገር ይኖርበታል፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ቦታ ሬዲዮ፣ የቀበሌ አስተዳደርና የአገር ሽማግሌዎች ዋናው መንገድ ናቸው። ለአውሮፕላኖች የአመድ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በፈረንሳይ ቱሉዝ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ አማካሪ ማዕከል ነው።

አመድ በሚወርድበት ጊዜ የሚመከረው ቤት ውስጥ መቆየት፣ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ የውሃ ጉድጓድና ሮቶ መክደን፣ የጣሪያ ውሃ መውረጃን ከማጠራቀሚያው መለየት፣ ለከብት የተከማቸ መኖ መስጠትና ቅጠላ ቅጠልን በደንብ አጥቦ መጠቀም ነው። ከጣሪያ ላይ አመድ የሚጠረገው ዝናብ ሳያርሰውና ሳይከብድ ነው። መሬት ሲሰነጠቅ ወይም አዲስ እንፋሎት ሲወጣ የሚታይበትን ቦታ ቀርቦ ማየት አደገኛ በመሆኑ፣ ርቆ ቦታውንና ሰዓቱን ለወረዳው ማሳወቅ ይመከራል።