የስኮትላንድ የታርታን ሱቆችና የስም ጥያቄ

በኤዲንብራ ከተማ፣ ከአምባው ወደ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት በሚወርደው አሮጌ ጎዳና ግራና ቀኝ፣ ኪልት የሚባለውን የወንዶች ሽንሽን ጉርድ የሚሰፉና የሚሸጡ ሱቆች ለብዙ ዘመን ይታወቃሉ። ወደ እነዚህ ሱቆች የገባ ደንበኛ የወገቡ ልክ ከመወሰዱ በፊት ብዙውን ጊዜ የቤተ ሰቡ ስም ይጠየቃል። ባለሱቁም መዝገቡን ገልጦ፣ ስሙ የየትኛው ጎሳ እንደ ሆነ ካየ በኋላ፣ የጎሳው ነው የተባለውን ታርታን ከመደርደሪያ ያወርድለታል። ታርታን ማለት በድርና በማግ የክሩ ብዛት እየተቈጠረ፣ ልዩ ልዩ ቀለም እየተሰናኘ በአራት ማዕዘን ጥለት የሚሸመን የበግ ጠጉር ጨርቅ ነው። ይህ የስምና የጨርቅ ዝምድና ከየት መጣ ብለን ብንመረምር፣ አብዛኛውን መልስ ከዚያው ከነጋዴው መዝገብ እናገኘዋለን።

በ1745 (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የስቱዋርትን ወገን የደገፉ የሐይላንድ ጎሳዎች በሎንዶን መንግሥት ላይ ተነሥተው በ1746 በከሎደን ሜዳ ድል ተመቱ። ፓርላማውም በዚያው ዓመት የሐይላንድን ልብስ ለወንዶች የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቅጣቱ መጀመሪያ ለተያዘ ስድስት ወር እስራት፣ ለደገመ ደግሞ ወደ ባሕር ማዶ ቅኝ አገር ለ7 ዓመት መጋዝ ነበር። ከሕጉ ነጻ የሆኑት በንጉሡ ጦር የሚያገለግሉት ወታደሮች ነበሩ። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ያስደንቃል፤ ገበሬው በአባቱ ልብስ ሲታሰር፣ ልጁ ያንኑ ለብሶ ለንጉሡ ይዋጋ ነበር። ሕጉ በ1782 ሲሻር አሮጌው ልማድ በብዙ ቦታ ተረስቶ ነበር፤ ለጦሩ ጨርቅ የሚያቀርበው ነጋዴ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

ከእነዚህ ነጋዴዎች ዋነኛው በባኖክበርን የነበረው የዊልሰን ቤት ነው፤ ባኖክበርን የሚገኘውም ከተራራው አገር ውጭ በቆላው በኩል ነው። በ1815 በሎንዶን ያለው የሐይላንድ ማኅበር የጎሳ አለቆችን የታርታናችሁን ናሙና ላኩ ቢላቸው፣ አንዳንዶቹ የራሳቸውን አያውቁም ነበር። የዊልሰን ቤት ግን በ1819 የጥለቶቹን የክር ቍጥር የያዘ መዝገብ አዘጋጀ። የታሪክ ሊቁ ትሬቨር ሮፐር በ1983 በታተመ ጽሑፉ እንደሚለው፣ ከዚህ ቤት ጥለቶች አንዱ መጀመሪያ ተራ ቍጥር ብቻ ነበረው፤ ቀጥሎ ኪድ የሚባል ሰው በዌስት ኢንዲስ ለነበሩት ባሮቹ ማልበሻ በብዛት ስለ ገዛው ኪድ ተባለ፤ በመጨረሻም ማክፈርሰን የሚል ስም ወጥቶለት ለጎሳው አለቃ ተሰጠ። የባሪያ ልብስ የባላባት ልብስ ሆነ ማለት ነው።

በ1822 ንጉሥ ጊዮርጊስ 4ኛ ኤዲንብራን ሲጐበኙ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ሥነ ሥርዓቱን አሰናድቶ ባላባቶቹ በታርታን እንዲቀበሏቸው አደረገ። ለንጉሡ የሐይላንድ ልብስ ብቻ 1,354 ፓውንድ ሒሳብ ቀርቧል። በ1842 ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ከጥንት ብራና ገለበጥን ብለው የጎሳ ታርታን መጽሐፍ አሳተሙ። የብራናው ነገር ፈጠራ ሆኖ ቢገኝም፣ ከጥለቶቹ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ከሱቆቹ መደርደሪያ አልወረዱም።

ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ሁሉም የነጋዴ ተንኰል ነው ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ ብሎ መፍረድ ይከብደናል። ባለሙያዋ 8 ያርድ ያህል ጨርቅ ዘርግታ፣ ከኋላ ሽንሽኑ ሲታጠፍ ጥለቱ እንዳይሰበር እያንዳንዱን እጥፋት ከክሩ ጋር እያስተያየች በእጅዋ ትሰፋለች። እንዲህ የተሰፋ ኪልት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ልጁም ሲታጠቀው አባቱ በሠርጉ ቀን ያንኑ ለብሶ መቆሙን ያስባል እንጂ፣ ጥለቱ በባኖክበርን መዝገብ ምን ተብሎ እንደ ተጻፈ አይጠይቅም።

የዊልሰን ቤት በ1924 ተዘጋ። በአሮጌው ጎዳናም ዛሬ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ፣ በመኪና የተሰፋ ርካሽ ኪልት ለጎብኚ የሚሸጡ ሱቆች በዝተዋል። ከ2009 ጀምሮም የስኮትላንድ መንግሥት የታርታን መዝገብ ከፍቶ፣ አዲስ ጥለት ያቀደውን ሁሉ ክፍያ ተቀብሎ ይመዘግባል። በእጅ በሚሰፉት ሱቆች ግን፣ ስሙ በጎሳ መዝገብ ያልተገኘ ደንበኛ ሲመጣ ባለሱቁ ባዶ እጁን አይሸኘውም፤ እንግዲያው የትውልድ አውራጃዎን ወይም የእናትዎን ቤተ ሰብ ስም ይንገሩኝ ይለዋል።