የወንጀል ጥናት በኢትዮጵያ

የወንጀል ጥናት በኢትዮጵያ ወንጀል ለምን እንደሚፈጸም እንዲሁም ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት እንዴት እንደሚሠሩ የሚመረምር የዕውቀት ዘርፍ ነው። ያደገው በአብዛኛው በሕግ ትምህርት ጥላ ሥር በመሆኑ ከወንጀለኛው ኑሮ ይልቅ የሕጉ አንቀጽ ሰፊውን ቦታ ይዟል።

ዘመናዊ ፖሊስ ከመቋቋሙ በፊት ልማዳዊ የምርመራ ዘዴዎች ነበሩ። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። በሌባ ሻይ ደግሞ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ይሄዳል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ዛሬ ሲነበብ ተረት ቢመስልም ዕዳውን የሚከፍለው የተጠቆመው ሰው ነበር። ባህላዊውን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ስታንሊ ፊሸር በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ አጥንቶታል።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ያረቀቀው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነው። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በ1954 ዓ.ም. ወጣ። ከዚያ በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የፊሊፕ ግራቨን የወንጀል ሕግ መግቢያ መጽሐፍም በ1965 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ከሁሉ ይልቅ አከራካሪ ከሆኑት ጉዳዮች አንዱ ጠለፋ ነው። በ1949ኙ ሕግ ተጠላፊዋ በፈቃዷ ጠላፊዋን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባች፣ ጋብቻው ካልፈረሰ በቀር፣ ክስ አይመሠረትም ነበር። «በፈቃዷ» የሚለው ቃል በጠላፊው ቤት ላለች ልጅ ምን ትርጉም እንደነበረው መገመት አያስቸግርም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ይህን ሽሮ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ። የጠለፋ ጉዳይ በሽምግልና የሚያልቅበት ጊዜ ስላለ ግን የፖሊስ መዝገብ ብቻውን የድርጊቱን ስፋት አያሳይም።