የማያምመው ቁስል

«ስኳር ያለበት ሰው ቁስል አይድንለትም።» ይህን ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ፋርማሲ ወረፋ ላይም ሰምቼዋለሁ። ተከትሎት የሚመጣውም ያው ነው፦ «መጨረሻው መቆረጥ ነው።» ይሄ ፍርድ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ለማወቅ ታሪኩን ወደ ኋላ ስከተል የደረስኩት ስኳር ሕክምና ክፍል አይደለም፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው።

በ1946 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት) ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ከተማ ወዳለው የሕክምና ኮሌጅ ሄደ። ብራንድ የሚሲዮናውያን ልጅ ነው፤ የተወለደውም እዚያው ሕንድ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ሥጋ ደዌ የሚታመነው፣ በሽታው ራሱ ሥጋን አበስብሶ ጣት ያረግፋል ተብሎ ነበር። ብዙ ሐኪሞችም የታማሚዎቹን እጅ ለመቅደድ አይደፍሩም። ሥጋቸው «ክፉ» ነው፣ ቢቀደድ አይገጥምም ይባል ነበራ። ብራንድ ግን ቀደደ፣ ሰፋ፣ ጠበቀ። ቁስሉ እንደማንኛውም ሰው ቁስል ገጠመ።

ታዲያ ጣቶቹን የሚወስደው ምንድን ነው? ብራንድና ባልደረቦቹ የታማሚዎቹን ውሎ መከታተል ጀመሩ። አንዱ የጋለ ነገር በባዶ እጁ ያነሳል። ሌላው የዛገ ቁልፍ አልዞር ሲለው ሥጋው እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጠመዝዘዋል፣ ግን አይሰማውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ማታ ደህና የነበረ ጣታቸው ሲነጋ ጎድሎ ይገኛል። ሌሊት ጥበቃ ሲደረግ ምክንያቱ ታወቀ፦ አይጥ ነው። ሰውየው ተኝቷል፣ ሕመም አልቀሰቀሰውም። በሽታው የገደለው ነርቭን ነው፤ የቀረውን የሠራው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው።

እግር ላይ ነገሩ ይብሳል። እኔና እናንተ ጫማችን ውስጥ ጠጠር ከገባ ሳናስበው እናነክሳለን፣ ክብደታችንን ወደ ሌላው እግር እናዞራለን። ማንከስ እኮ መድኃኒት ነው! ሕመም የማይሰማው ሰው ግን አያነክስም። ቁስሉን ረግጦ ገበያ ይሄዳል፣ ረግጦ ይመለሳል። ቁስሉ የማይድነው ስለማይችል ሳይሆን ፋታ ስለማያገኝ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1930ዎቹ በሕንድና በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) የሚሠሩ ሐኪሞች የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን የቆሰለ እግር በጀሶ መጠቅለል ጀምረዋል። ጀሶው ውስጥ መድኃኒት የለም። ሥራው ሁለት ነው፦ አንደኛ፣ አንድ ነጥብ ላይ ያረፈውን ክብደት ለመላው ውስጥ እግርና ለባት ያካፍላል። ሁለተኛ፣ በሽተኛው ሲሰለቸው አውልቆ አይጥለውም። ይሄ ሁለተኛው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስኳር ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በኢንሱሊን በኩል ነው። በ1922 መጀመሪያ ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተሰጠ። ከዚያ በፊት በወራት ይሞቱ የነበሩ ሰዎች ዓመታት መኖር ጀመሩ። ዕድሜ ሲረዝም ግን ሌላ ችግር ብቅ አለ። ለብዙ ዓመት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፣ ደም ስርንም ያጠባል። የቦስተኑ የስኳር ሐኪም ኤሊየት ጆስሊን በ1934 ይህንኑ ጽፏል፦ በስኳር ራሱን ስቶ የሚሞተው ሰው ሲቀንስ እግሩ የሚሞትበት በዝቷል። ይህ ግን የሰማይ ቁጣ አይደለም፣ በጥንቃቄ የሚከለከል ነው ሲል ተከራከረ።

ሁለቱ መንገዶች የተገናኙት አሜሪካ ውስጥ ነው። ብራንድ በ1966 ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል ወደተባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተዛወረ። የደነዘዘ እግር የደነዘዘ እግር ነው፤ ያደነዘዘው ባክቴሪያ ይሁን ስኳር፣ ጠጠሩ አይለይም። ስለዚህ ጀሶው ወደ ስኳር ታማሚዎች ተሻገረ። በ1989 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 40 የስኳር ታማሚዎችን ለሁለት ከፈለ። ጀሶ ከተደረገላቸው 21 ሰዎች የ19ኙ ቁስል ዳነ፣ በአማካይ በ42 ቀን። ቁስላቸው በተለመደው መንገድ ይታጠብና ይታሸግ ከነበሩት 19 ሰዎች የዳነላቸው 6 ብቻ ናቸው። ሁሉም ስኳር ያለባቸው ናቸው! ልዩነቱ ቁስሉ መረገጡና አለመረገጡ ነው።

ልክ ነው፣ ስኳሩ ካልተስተካከለ ቁስል ይዘገያል። ደም በደንብ የማይደርሰው ወይም ያመረቀዘ እግር ሌላ ሕክምና ይፈልጋል፣ ዝም ብሎ በጀሶ አይዘጋም። ይሄን የሚለየው ሐኪም ነው። «አይድንም» የሚለው ፍርድ ግን ሐሰት ነው።

ይህ ዕውቀት ለእኛም የሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት በ1965 ሲቋቋም ዓላማው ከመላው አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን በሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሐድሶ ማሠልጠን ነበር። ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ እዚያው ተሠርቷል። ሰፈሩን ግን ስንቶቻችን በምን እንደምናውቀው እናውቃለን፦ በልመናና በሽሽት። በየአገሩ ከመንደር የተባረሩ፣ ዕቃቸው የተለየባቸው ሰዎች እግር ላይ የተገኘው ትምህርት ነው ዛሬ የአያቶቻችንን እግር የሚያተርፈው። ዕዳችን ትልቅ ነው።

አሁን የአያቶቻችን ነገር። ጤና ተቋም ውስጥ አንዲት ቀጭን የናይለን ክር አለች፤ 10 ግራም ክብደት ሲያርፍባት ትጎብጣለች። ዓይን ጨፍነው ውስጥ እግር ላይ ስትነካ ካልተሰማቸው፣ እግሩ ጠባቂውን አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠባቂው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ስኳር ዓይንንም ያደክማል፣ ጉልበት ደግሞ አልታጠፍ ይላል፤ ስለዚህ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ቤት ያለ ወጣት ነው።

እግር ማጠብ ባህላችን ነው አይደል? እንጠቀምበት። ውኃውን በእነሱ እግር ሳይሆን በራሳችሁ ክንድ ለኩት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይናገርም። በጣቶች መካከል አድርቁ። ውስጥ እግሩን በየቀኑ እዩ፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ ከሌላው እግር የበለጠ መሞቅ፣ የደደረ ቆዳ። የደደረውን በምላጭ አትንኩት፣ ለባለሙያ ተዉት። ጫማ ከመጫማታቸው በፊት እጃችሁን ከታች እስከ ጫፍ አስገብታችሁ ዳብሱ። ቤት ውስጥም ባዶ እግር አይሁን። ቁስል ካያችሁ «አላመመኝም እኮ» ቢሏችሁ አትረጋጉ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። አለማመሙ ነው አደጋው።