ወደ በረሃ የሚወርድ ቡድንና የመንገድ መሪው ግዴታ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ይደርሳል። ጋቢ በሚያስደርበው ብርድ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት የሚታየው ግን ሌላ ዓለም ነው። የአዋሽ ቆላ፣ ከዚያም ማዶ የአፋር በረሃ ተዘርግቷል። ዛሬ የከተማ ሰው ቡድን ሆኖ፣ ድንኳንና ስንቅ ጭኖ፣ መንገድ መሪ ይዞ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ወጪውንና ፎቶግራፉን እንጂ «አንድ ነገር ቢደርስብን ተጠያቂው ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የሚነሳው የሲራራ ነጋዴ በረሃውን አቋርጦ ከአንኮበር ግርጌ ወደምትገኘው አልዩ አምባ ገበያ ጨው ያመጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1841) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሀሪስ የመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። ጓዙን የመራው «ራስ አል ቃፊላ» የሚባለው የቅፍለቱ አለቃ ነበር።

ሀሪስ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ሁለት ነገሮችን ይተርካል። የመጀመሪያው ጥም ነው። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው የአሳል ሐይቅ ዙሪያ ሙቀቱን ለመሸሽ በሌሊት ቢጓዙም ውኃ አልቆባቸው ነበር። ያዳናቸው አንድ የአገሩ ሰው በአቁማዳ ያመጣላቸው የደፈረሰ ውኃ ነው። ሁለተኛው ሞት ነው። ጉንጉንቴ በተባለ ሸለቆ ባደሩበት ሌሊት ሦስት የጉዞው አባላት ተኝተው ሳሉ ተገደሉ። የተረፉት አንኮበር ደርሰው በኅዳር 1834 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል።

ታሪኩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃና የሌሊት ጥበቃ ዛሬም የበረሃ ጉዞ ዋና ጉዳዮች ናቸው። በየካቲት 1999 ከእንግሊዝ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት ያላቸው አምስት አውሮፓውያንና አብረዋቸው የነበሩ ኢትዮጵያውያን በአፋር ታፍነው ተወስደው ነበር፤ በኋላ ተለቀዋል። በጥር 2004 ደግሞ በኤርታ አሌ አካባቢ በተፈጸመ ጥቃት አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ተፈጥሮም የራሷ ጠባይ አላት። በ2017 ዓ.ም. ከአንኮበር ግርጌ ባለው ቆላ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል፤ ኅዳር 14 ቀን 2018 ሃይሊ ጉቢ የተባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ፈንድቷል።

ታዲያ መንገድ መሪው ምን ማወቅ አለበት? አንደኛ፣ የውኃ ልክ። በጠራራ ፀሐይ የሚጓዝ ሰው በሰዓት አንድ ሊትርና ከዚያም በላይ በላብ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ያም በማለዳና በምሽት ቢሆን ይመረጣል። መንገደኛ ንግግሩ ከተዘባረቀና ሰውነቱ ከጋለ ነገሩ ድካም ሳይሆን ሕይወት የሚያሳጣ የሙቀት ሕመም ነው፤ በጥላ ሥር አውሎ፣ ውኃ እያርከፈከፉና እያራገቡ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሰፈር ምርጫ። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለድንኳን የተመቸ ይመስላል። ሆኖም በደጋው የጣለው ዝናብ ሰማዩ በጠራበት ቆላ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ የአገሬው ሰው። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት የቆየ የወሬ መለዋወጫ ሥርዓት አላቸው። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ቆም ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል። የትኛው የውኃ ጉድጓድ እንደደረቀ፣ የትኛው መንገድ እንደሚያሰጋ የሚታወቀው በዚህ ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሌለበት ቡድን ይህን ሁሉ ሳያውቅ ይጓዛል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ለበረሃ ጉዞ የፈረመውን ቅጽ አሳየኝ። «ለሚደርሰው ማናቸውም ጉዳት ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም» ይላል። ወዳጄ ሳያነብ ፈርሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት በደነገገበት ክፍል፣ ማንም ሰው በራሱ ጥፋት ለሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ከኃላፊነት ነጻ ነኝ ብሎ እንዲዋዋል አይፈቅድም። በቂ ውኃ ሳይጭን ሰው ይዞ በረሃ የወረደ አስጎብኚ በዚያች አንዲት መስመር ተከልሎ የሚያመልጥ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

ይሁንና ፍርድ ቤት ካሳ ይወስናል እንጂ የሞተ አያስነሳም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደሚጫን፣ ስንት መኪና እንደሚሄድ፣ የአገሬው መሪ ማን እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚጠብቅ፣ የታመመ በምን ወደ የት እንደሚወሰድ በጽሑፍ ጠይቁ። በአንኮበር በኩል ለመውረድ ያሰበ ደግሞ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ከተባባሰ ወዲህ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሳያጣራ ከቤቱ ባይወጣ ይሻለዋል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው አስጎብኚ ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው።