የሣር ሕግና የቀይ ቀበሮ ዕድል

በሀድያና በከምባታ ላደገ ሰው ደጋ ማለት የእንሰትና የገብስ አገር ነው፡፡ በዱራሜ አጠገብ ያለው የሐምበሪቾ ተራራ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ግን ከዚያ ከፍታ በላይ ይጀምራል፡፡ የዓለም አየር በሞቀ መጠን የገብስ እርሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ አውሬው ግን ከተራራው ጫፍ በላይ መሸሻ የለውም፡፡ በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት ከግማሽ የሚበልጠው እርሻ ሆኗል፤ የቀሩት ጐልማሳ ቀበሮዎችም ከ500 ያነሱ ናቸው፡፡ በጮቄ ተራራ ዘሩ ጨርሶ ጠፍቷል፡፡

በመንዝ ጓሳ ግን እስካሁን አለ፡፡ ምክንያቱን ከታሪክ እናገኛለን፡፡ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ባለርስቶቹ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፍቱት ነበር፡፡ ሕጉ የወጣው ለግጦሽና ለቤት ክዳን ነው፤ ይሁን እንጂ ሣሩ በመጠበቁ አይጡ፥ አይጡም በመኖሩ ቀበሮው ኖረ፡፡ በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም፥ ሕዝቡ ኋላ የራሱን ኮሚቴ አቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ፡፡

እንግዲህ የዓለምን ሙቀት አንድ ወረዳ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም፤ የማረሻን ድንበር ግን ሊወስን ይችላል፡፡